በመስታወት ላይ የተጻፈ ቀን፦ መሐንዲስም የፓተንት ባለሙያም የነበረው የቼስተር ካርልሰን ጉዳይ

ኦክቶበር 22 ቀን 1938 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ከተማ፣ አስቶሪያ በሚባለው ሰፈር፣ ለሙከራ በተያዘች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች በትንሽ መስታወት ላይ በጥቁር ቀለም አንድ ቀንና አንድ የቦታ ስም ጻፉ፦ 10.-22.-38 አስቶሪያ። ከዚያም በድኝ የተለበጠ የዚንክ ሳህን በመሐረብ ፈትገው ኤሌክትሪካዊ ሙል እንዲይዝ አደረጉ፤ መስታወቱን በላዩ አስቀምጠው ለጥቂት ሴኮንዶች ብርቱ ብርሃን አበሩበት። መስታወቱን አንስተው ሊኮፖዲየም የተባለውን ደቃቅ የዕፅ ዱቄት ነሰነሱበትና ትርፉን እፍ ሲሉት ጽሑፉ በሳህኑ ላይ በዱቄት ተስሎ ቀረ። ዱቄቱን ወደ ሰም ወረቀት አሳልፈው ወረቀቱን ሲያሞቁት ሰሙ ለስልሶ ዱቄቱን ያዘው። ዛሬ በየቢሮው የሚሠራው የፎቶኮፒ ማሽን የሚከተለው ዘዴ የመጀመሪያው ቅጂ ይህ ነበር።

ለሙከራው ማንኛውም ቃል በበቃ ነበር። የሙከራው ባለቤት ቼስተር ካርልሰን ግን በቀን ሥራው በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ኩባንያ የፓተንት (ፈጣሪ ሌሎችን ከፈጠራው የሚከለክልበት ሕጋዊ መብት) ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሁለት ሰዎች ለአንድ ፈጠራ ቢከራከሩ መብቱ የሚሰጠው ቀድሞ ላመለከተው ሳይሆን ቀድሞ ለፈጠረው ነበር፤ ክርክሩ የሚፈታውም በቀን፣ በማስታወሻና በምስክር ነው። ይህ ሥርዓት የተለወጠው በ2011 ወጥቶ በማርች 2013 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ቅጂ ቀንና ቦታ ብቻ መያዙን፣ በእኔ ግምት፣ የሙያው ልማድ እንጂ አጋጣሚ ብቻ አላደረገውም። ጉዳዩን ለጥናት የመረጥኩትም ስለዚሁ ነው። ከምሕንድስና ወይም ከሳይንስ ተነሥተው ወደ አእምሯዊ ንብረት ሕግ ለሚሻገሩ ሰዎች ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን እንደሚሠሩ፣ የት ላይም እንደማይበቁ የዚህን ያህል በግልጽ የሚያሳይ ታሪክ አላገኘሁም።

ከቤተ ሙከራ ወደ ፓተንት ክፍል

ካርልሰን በ1906 በሲያትል ተወለደ፤ ያደገው በካሊፎርኒያ ነው። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ሲሆን በሳንባ ነቀርሳና በመገጣጠሚያ ሕመም ተይዞ ከሥራ ወጥቶ ስለነበር ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው የቤተሰቡን ኑሮ ተሸከመ፤ እናቱንም በ17 ዓመቱ ቀበረ። በወጣትነቱ ለአንድ አታሚ ሲሠራ አሮጌ የማተሚያ መሣሪያ አግኝቶ ለኬሚስትሪ ወዳጆች መጽሔት ለማዘጋጀት ሞክሮ ነበር። ጽሑፍን በወረቀት ላይ ማሳረፍ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያኔ በእጁ ቀምሶታል።

በ1930 ከካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በፊዚክስ ሲመረቅ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጀምሮ ነበር። ለ82 ኩባንያዎች ጽፎ አንዳቸውም ሥራ አልሰጡትም። በመጨረሻ በኒውዮርክ የቤል የስልክ ቤተ ሙከራዎች በሳምንት 35 ዶላር በምርምር መሐንዲስነት ተቀጠረ፤ ሥራው ግን ተደጋጋሚና አሰልቺ ሆነበት። አንድ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በዚያው ተቋም ወደ ፓተንት ክፍል ተዛውሮ የአንድ የፓተንት ጠበቃ ረዳት ሆነ።

ብዙ መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ዝውውር ከሙያ እንደመውጣት ይቆጥሩታል። ነገር ግን የፓተንት ማመልከቻ ከሁለቱም ወገን ዕውቀት የሚጠይቅ ሰነድ ነው። አንደኛው ክፍሉ መግለጫው ነው፤ በመስኩ የሠለጠነ ሰው አንብቦ ፈጠራውን ራሱ መሥራት እስኪችል ድረስ ያስተምራል። ሁለተኛው የመብት ወሰኑ ነው፤ በቁጥር በተለዩ ዓረፍተ ነገሮች ባለመብቱ ሌላውን ሰው ከምን ሊከለክል እንደሚችል ያጥራል። መሐንዲሱ የሠራውን ዕቃ እስከ መጨረሻው ብሎን መግለጽ ይፈልጋል፤ ሕጉ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ ብሎን ቢለወጥ ፈጠራው ያው ነውን? ድኙ በሌላ ነገር ቢተካስ? ወሰኑ ከጠበበ ተፎካካሪ አንድ ነገር ለውጦ ያመልጣል፤ ከሰፋ ደግሞ ቀድሞ የሚታወቀውን ነገር ስለሚጨምር ማመልከቻውን የሚመረምረው የፓተንት ጽሕፈት ቤቱ መርማሪ ይጥለዋል። በእነዚህ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ትክክለኛውን መሥመር ለማስመር የተፈጥሮን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የፍርድ ቤትን ሕግ ብቻ የሚያውቅ ሰው ድኝ ለምን እንደሚሠራ ስለማይገባው ምን ሊተካው እንደሚችል መገመት አይችልም። ዛሬም ቢሆን በአሜሪካ የፓተንት ጽሕፈት ቤት ፊት ደንበኛን ወክሎ ማመልከቻ ለማቅረብ ልዩ ፈተና ማለፍ የግድ ሲሆን፣ ለፈተናው ለመቀመጥም የሳይንስ ወይም የምሕንድስና ዕውቀት ማስመስከር ይጠየቃል። የሕግ ዲግሪ ሳይኖረው ይህን ያለፈ ሰው የፓተንት ወኪል ሆኖ ማመልከት ይችላል፤ የፓተንት ጠበቃ ለመባል ግን የጥብቅና ፈቃድም ሊኖረው ይገባል።

ካርልሰን በ1933 ከቤል ተሰናበተ። ለጥቂት ጊዜ በአንድ የፓተንት ጠበቆች ቢሮ ከሠራ በኋላ ፒ. አር. ማሎሪ ወደተባለው ኩባንያ ገብቶ ውሎ አድሮ የፓተንት ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። በ1936 በኒውዮርክ የሕግ ትምህርት ቤት የማታ ትምህርት ጀመረ፤ በ1939ም ተመረቀ። የሕግ መጻሕፍት መግዣ ስላልነበረው በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የሚያስፈልጉትን ገጾች በእጁ ይገለብጥ ነበር፤ ዓይኑ ሩቅ አያይም፣ በአከርካሪው ላይ የጀመረው የመገጣጠሚያ ሕመምም ይበረታበት ነበር።

ችግሩን ያሳየው ጠረጴዛ

የፓተንት ክፍል ኑሮው በቅጂ ላይ ነው። አንድ ማመልከቻ ለፈጣሪው፣ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ለውጭ አገር ወኪል፣ ለመዝገብ እየተባለ ብዙ ቅጂ ይፈለግለታል። በካርልሰን ዘመን ለዚህ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ እንደገና በታይፕ ማስመታት ነው፤ ይህ በየጊዜው ስሕተት ስለሚያስገባ ቃል በቃል መመሳከር አለበት፣ ሥዕልም በታይፕ አይመታም። ሌላው ሰነዱን ለፎቶግራፍ ቤት መላክ ነው፤ እርሱም ገንዘብ ያስወጣል፣ ጊዜም ይወስዳል። የካርቦን ወረቀት የሚጠቅመው አዲስ ለሚጻፍ ሰነድ ነው እንጂ አስቀድሞ ለተጻፈ አይደለም። ይህን ችግር በሚሊዮን የሚቆጠሩ የቢሮ ሠራተኞች ያውቁት ነበር፤ ነገር ግን ከመካከላቸው ፊዚክስ የተማረው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ፊዚክስ የተማሩትም አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ ሰነድ ሲያመሳክሩ አይውሉም።

ካርልሰን መፍትሔ ፍለጋውን የጀመረበት መንገድ ከሁሉ ይልቅ የፓተንት ሰው መሆኑን ያሳያል። ኬሚካል የሚጠቀመው የተለመደው ፎቶግራፍ በትልልቅ ኩባንያዎች ቤተ ሙከራዎች ለብዙ ዓመታት ሲመረመር እንደኖረ፣ በዚያ መስክ አንድ ብቸኛ ሰው የሚያገኘው ባዶ መሬት ጥቂት እንደሚሆን ገመተ። ስለዚህ ፎቶግራፍን ትቶ ብርሃን በሌላ መንገድ ቁስን የሚለውጥባቸውን ክሥተቶች በቤተ መጻሕፍቱ የሳይንስ ክፍል ማንበብ ያዘ። ያገኘውም ፎቶኮንዳክቲቪቲ ይባላል፦ አንዳንድ ቁሶች በጨለማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው ግን ያስተላልፋሉ። የሃንጋሪው የፊዚክስ ሊቅ ፓል ሼሌኒ በኤሌክትሪካዊ ሙል ምስል ስለማሳረፍ የጻፈውንም አነበበ። ከዚህ ተነሥቶ ሐሳቡ ተያያዘለት፤ ሙል የያዘ ሳህን ላይ የሰነዱ ጥላ ቢያርፍ ብርሃን ያገኘው ቦታ ሙሉን ይለቃል፣ ጥላ ያረፈበት ይዞ ይቀራል፤ የተያዘው ሙል ዱቄት ይስባል። ይህ ሐሳብ እንግዲህ ሰው ካልያዘው መስክ ፍለጋ የመጣ ነው፤ ቀድሞ የታወቀውን ፈትሾ ባዶውን ቦታ ማግኘት ደግሞ የፓተንት መርማሪም ጠበቃም የዘወትር ሥራ ነው።

ከሙከራው የቀደመው ማመልከቻ

ካርልሰን የመጀመሪያውን ማመልከቻ ያስገባው በኦክቶበር 1937 ነው። በመስታወቱ ላይ የተጻፈው ቀን ከዚያ አንድ ዓመት በኋላ ነው። መሐንዲስ ይህን ሲሰማ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለዋል፤ ያልሠራ ነገር እንዴት ይመዘገባል? ሕጉ ግን ሞዴል እንዲቀርብ ማስገደዱን ከተወ በ1937 ከ50 ዓመት በላይ አልፎት ነበር፤ መግለጫው የሠለጠነን ሰው ለማስቻል ከበቃ ማመልከቻው ራሱ ፈጠራውን በተግባር እንደማዋል ይቆጠራል። ካርልሰን ይህን ያውቅ ነበርና በወረቀት ቀድሞ መሬቱን ያዘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። ይህ ዕውቀት በሌላ ሰው እጅ አደገኛ ነው፤ ያልተፈተነ ሐሳብ በሰፊ ወሰን የሚያጥሩ፣ ራሳቸው ግን አንዳች ነገር የማይሠሩ ሰዎች በየዘመኑ አሉ፤ ለፈጠራም ዕዳ ናቸው። ካርልሰንን ከእነርሱ የሚለየው ማመልከቻውን አስገብቶ አለመቀመጡ ነው። በኩሽናው ምድጃ ላይ ድኝ እያቀለጠ የዚንክ ሳህን ይለብጥ ነበር፤ ሽታው ቤቱን አልፎ ጎረቤት ይደርስ ነበር። እጁ ለቤተ ሙከራ ሥራ የሰላ አለመሆኑን፣ ሕመሙም እንደማይፈቅድለት ሲረዳ ከአውሮፓ የተሰደደውን ኦስትሪያዊ ፊዚሲስት ኦቶ ኮርኔይን ቀጥሮ ሥራውን ወደ አስቶሪያ አዛወረ። ስለ ኮርኔይ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኤሌክትሮፎቶግራፊ የሚለው ዋናው ማመልከቻ የገባው ኤፕሪል 4 ቀን 1939 ነው፤ በኦክቶበር 6 ቀን 1942 በቁጥር 2,297,691 ፓተንት ሆኖ ወጣ። ብርሃን ሲያገኝ አስተላላፊ የሚሆነውን ንጣፍ ሙል ማስያዝ፣ ምስል ማሳረፍ፣ በዱቄት ማውጣት፤ የዘዴው አጥንት ይህ ነው። ካርልሰን በእጁ የነበረው ድኝ ቢሆንም መብቱን በድኝ ላይ አላሰረውም። ከዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሴሌኒየም ከድኝ እጅግ እንደሚሻል ሲያገኙ አዲሱ ቁስ በአሮጌው አጥር ውስጥ ሆኖ ተገኘ። በቀን ሥራው የሌሎችን ፈጠራ ሲያጥር ያዳበረው ችሎታ ለራሱ የከፈለው እዚህ ላይ ነው።

ፓተንት ገዢ አያመጣም

ከ1939 እስከ 1944 ባለው ጊዜ ከ20 የሚበልጡ ኩባንያዎች ፈጠራውን አንቀበልም አሉ፤ አይ.ቢ.ኤም.፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ አር.ሲ.ኤ. እና ኮዳክ ከእነዚህ ናቸው። ጉዳዩን በዛሬ ዓይን የሚያይ ሰው በእነዚህ ኩባንያዎች መፍረድ ይቀለዋል፤ እኔ ግን ፍርዱ የችኮላ ይመስለኛል። የቀረበላቸው ማሽን አልነበረም፤ የቀረበላቸው በእጅ የሚፈተግ ሳህን፣ በዱቄት የደበዘዘ ጽሑፍና በሚገባ የተጻፈ ሰነድ ነው። በፓተንት ሙያ ውስጥ የኖረ ሰው ከሚስታቸው ነገሮች አንዱም ይህ ነው፤ ሰነዱ ለመርማሪው በበቃ ጊዜ ለገዢውም የበቃ ይመስለዋል። መርማሪ የሚጠይቀው አዲስ መሆኑን ነው፤ ገዢ የሚጠይቀው ስንት እንደሚያስወጣ፣ መቼ እንደሚደርስና ማን እንደሚፈልገው ነው። ካርልሰን ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ አልነበረውም፤ ብቻውንም ሊኖረው አይችልም ነበር።

በሩ የተከፈተው በዚያው በፓተንት ጠረጴዛ በኩል ነው። በ1944 በኦሃዮ ኮሎምበስ ከሚገኘው የባቴል መታሰቢያ ተቋም ራስል ዴይተን የተባለ መሐንዲስ በሌላ የፓተንት ጉዳይ ወደ ማሎሪ መጣ። ጉዳዩ ከተነጋገሩበት በኋላ ካርልሰን የራሱን ፈጠራ አሳየው። ባቴል ለትርፍ ያልቆመ የምርምር ተቋም ስለሆነ ያልተጠናቀቀ ነገር አያስደነግጠውም ነበር። በዚያው ዓመት በተፈረመው ውል ባቴል ምርምሩን ሊያካሂድ፣ ፈጠራውንም ወክሎ ፈቃድ ሊሰጥ ተስማማ፤ ከሚገኘው ገቢ 40 በመቶው የካርልሰን እንዲሆን ተወሰነ።

ስለዚህ 40 በመቶ ማሰብ ይገባል። አምስት ዓመት ሙሉ እምቢታ የሰማ ሰው ጠቅላላ መብቱን በጥቂት ገንዘብ ቢሸጥ ማንም አይፈርድበትም። ካርልሰን ግን ቁርጥ ዋጋ ሳይሆን ከወደፊቱ ገቢ ድርሻ ያዘ፤ ድርሻ መያዝም ፈጠራው ከባቴል እጅ ወደ ሌላ በተሻገረ ቁጥር አብሮ መሻገር ማለት ነው። የተሻገረውም በሮቸስተር ከተማ የፎቶግራፍ ወረቀት ወደሚሠራው ሃሎይድ ወደተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው። የሃሎይዱ ተመራማሪ ጆን ዴሳወር ስለ ፈጠራው የተጻፈ አጭር ጽሑፍ አንብቦ ለኩባንያው ፕሬዚዳንት ለጆሴፍ ዊልሰን አሳየ፤ በ1947 የፈቃድ ውል ተፈረመ። ስሙም ደረቅ ጽሕፈት የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ዜሮግራፊ ተባለ። ለሕዝብ የተገለጸው በዲትሮይት በተደረገ የኦፕቲክስ ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1948 ነው፤ በመስታወቱ ላይ ከተጻፈው ቀን ልክ አሥር ዓመት።

የሕጉ ሰዓት

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ፓተንት ዕድሜ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 17 ዓመት ነበር። ሃሎይድ በ1949 ያወጣው የመጀመሪያው ማሽን በእጅ የሚሠራ፣ ብዙ እርምጃ የሚጠይቅ ነበርና ለቢሮ አልሆነም። ቁልፍ ተጭነው ቅጂ የሚወስዱበት 914 የተባለው ማሽን በኒውዮርክ ለዕይታ የቀረበው ሴፕቴምበር 16 ቀን 1959 ነው። የካርልሰን ዋና ፓተንት ያበቃው ደግሞ ኦክቶበር 6 ቀን 1959 ነው። በመካከላቸው ያለው 20 ቀን ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሰላ ለረጅም ጊዜ አዘንኩ። አንድ ሰው በኩሽና ድኝ ያቀለጠበት፣ በሌሊት የሕግ መጽሐፍ የገለበጠበት፣ አምስት ዓመት የተገፋበት ፈጠራ ለገበያ ሲበቃ አጥሩ ፈረሰ ማለት ነው። በዛሬው ሕግ ፓተንት የሚቆየው ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ስለሆነ በዚህ ስሌት እንኳ ቢሆን በኤፕሪል 1959፣ ማሽኑ ሳይታይ፣ ባበቃ ነበር። በአሮጌው ሕግ ማመልከቻው በጽሕፈት ቤቱ ሦስት ዓመት ተኩል መቆየቱ ካርልሰንን የጎዳው ይመስላል እንጂ በእርግጥ ጥቂት ወራት ጨምሮለታል።

ያም ሆኖ ኩባንያው ባዶ እጁን አልቀረም። ባቴልና ሃሎይድ በእነዚያ ዓመታት በየእርምጃው ላይ አዳዲስ ፓተንቶችን አውጥተው ነበር፦ በሴሌኒየም ንጣፍ ላይ፣ በመሐረብ መፈተግን በተካው በከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦ ሙል የማስያዣ ዘዴ ላይ፣ ዱቄቱን በሚያደርሰው ቅልቅል ላይ። ካርልሰንም ለሃሎይድ በአማካሪነት እየሠራ የራሱን ማመልከቻዎች አላቋረጠም። ሥሩ ሲደርቅ ቅርንጫፎቹ ዛፉን አቆሙት፤ እንዲያውም እጅግ አቆሙትና የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1970ዎቹ ኩባንያውን በገበያ ብቸኝነት ከሰሰው። በ1975 በጸደቀው ስምምነት ዜሮክስ (የቀድሞው ሃሎይድ) ፓተንቶቹን ለተፎካካሪዎች በፈቃድ እንዲሰጥ ተገደደ። ካርልሰን ይህን አላየም፤ በ1968 አርፎ ነበር፤ ከድርሻው ያገኘውን ከፍተኛ ሀብት አብዛኛውን ስሙ ሳይጠራ ለበጎ አድራጎት ሰጥቷል።

ኦቶ ኮርኔይ

ሙከራውን በእጁ የሠራው ኮርኔይ ነው። ሳህኑን የለበጠ፣ መስታወቱን የጻፈ እርሱ ነው። ነገር ግን ፓተንቱ ላይ ስሙ የለም፤ በሕጉ ዓይን ይህ ስሕተት አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ፈጣሪ የሚባለው ሐሳቡን ሙሉ አድርጎ በአእምሮው የፀነሰው ሰው ነው፤ በመመሪያው መሠረት በተግባር የፈተነው ሰው፣ እጁ የቱንም ያህል ቢሰላ፣ በዚያ ብቻ ተባባሪ ፈጣሪ አይሆንም። የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ደግሞ ከኮርኔይ መቀጠር ይቀድማል። ከምሕንድስና የመጡ ሰዎች ወደዚህ ሙያ ሲገቡ ለመቀበል ከሚከብዳቸው ነጥቦች አንዱ ይህ ነው፤ በቤተ ሙከራ ያደገ ሰው ነገሩን የሚሠራውን ያከብራልና።

ካርልሰን ይህን ክፍተት በውል ሞልቶት ነበር፤ ከፈጠራው ከሚገኘው ገቢ አሥር በመቶው የኮርኔይ እንዲሆን ተዋውለዋል። ሙከራው ከተሳካ በኋላ ግን ኮርኔይ ለነገሩ ተስፋ አላየበትም፤ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ሄደ፤ ውሉንም ተስማምተው አፈረሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርልሰን ለእርሱ በሕግ የሚከፍለው አንዳች ዕዳ አልነበረበትም። ዜሮግራፊ ፍሬ ማፍራት በጀመረ ጊዜ፣ የውልን ትርጉም ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ 100 የኩባንያውን አክሲዮኖች ለኮርኔይ በስጦታ ላከለት።